ካሰች ያነበበቻቸው ደብዳቤዎች

ካሰች ወልደ ሥላሴ ቡሬ ከተማ ጫፍ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለች የሣር ክዳን ቤት የኖረች ሴት ናት። ስለ እሷ የሚያወራ ሰው ብዙም አልነበረም። ሲወራ የነበረው ስለ አባቷ ስለ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ድምፅ፣ ኋላም ስለ ወንድሟ ስለ እንዳለው ትምህርት ነው። እሷ በሁለቱ መካከል ውሃ ትቀዳለች፣ እርሻ ታሳርሳለች፣ አረም ታርማለች። እንዲህ ያለውን ሰው አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስሙን የሚጠራው ግን ሲፈልገው ብቻ ነው።

በአሥራ ሦስት ዓመቷ ማንኩሳ ተዳረች። በሁለተኛው ዓመት እናቷ ሞተችና ለለቅሶ መጣች። እንዳለው ያን ጊዜ አምስት ዓመቱ ነበር። ለቀስተኛው ሲበተን ልጁ ቀሚሷን ይዞ አልለቅ አላት። እስከ አርባው ልቆይ አለች፤ ከዚያ እስከ ሙት ዓመቱ አለች፤ ከዚያ ወዲያ የጠየቃትም የለ። ባሏ አንድ ዓመት ጠብቆ ሌላ አገባ። ክፉ ሰው ስላልነበረ ድርሻዋን አንዲት ጊደር ላከላት። ካሰች ጊደሯን አሳደገች፣ ወንድሟንም አሳደገች፤ ስለ ባሏ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልወጣትም።

ከቡሬ ወደ ብር ሸለቆ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አንዲት የዳጉሳ ማሳ ነበረቻቸው። ይህችን ማሳ አቀንጭራ አስቸገራት። አቀንጭራ እንደ ሌላው አረም አይደለም፤ አበባውን አውጥቶ ለዓይን የሚታየው ከመሬት በታች የዳጉሳውን ሥር መጥጦ ከጨረሰ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ቢነቅሉት ድካም ብቻ ነው። አንድ ክረምት ካሰች ስታርም ውላ ማታ እግሯን እየታጠበች፣ «አባየ፣ አምና ኑግ በነበረበት በኩል አቀንጭራ የለም» አለች። መሪጌታ «እግዜር ሲምር እንዲያ ነው» ብለው አለፏት። የአሥር ዓመቱ እንዳለው ግን «እውነት እትየ? እስቲ አሳይኝ» አለ። በማግስቱ ሁለቱ ማሳው ውስጥ አጎንብሰው እየቆጠሩ ዋሉ። ካሰች በዕድሜዋ ሙሉ ያየችው ነገር ቁም ነገር ተብሎ የተቆጠረላት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ልጁ ደብረ ማርቆስ ተማረ፣ ከዚያ እርሻ ኮሌጅ ገባ፣ እዚያው አስተማሪ ሆኖ ቀረ። ነገሩን ግን አልረሳውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ብር ሸለቆ እየወረደ የገበሬ ማሳ በገመድ እየከፈለ፣ አንዱን ኑግ አንዱን ዳጉሳ እያዘራ፣ በዓመቱ ሁሉንም ዳጉሳ እያስደረገ አቀንጭራውን ይቆጥር ነበር። ገበሬው «የመሪጌታ ልጅ አብዷል፤ አረም እንደ ከብት ይቆጥራል» እያለ ሳቀበት። ሁለት ዓመት ቆጥሮ ጽሑፉን አወጣ።

በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. መስከረም ላይ እንዳለው ደብዳቤ ይዞ ቡሬ መጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የምሁራን ማኅበር ከሠላሳ ዓመት በታች ለሆኑ ተመራማሪዎች በየዓመቱ ሽልማት ይሰጥ ነበር፤ ከሕክምና አንድ፣ ከሕግ አንድ፣ ከታሪክ አንድ፣ ከሥነ ምድር አንድ፣ ከእርሻ አንድ። የዚያን ዓመት የእርሻው እሱ ነው። ሽልማቱ የሚሰጠው ኅዳር አሥር ቀን፣ በትልቅ አዳራሽ፣ ወላጅ ባለበት ነው።

መሪጌታ ደብዳቤውን ተቀብለው አገላበጡት። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ከጋረዳቸው ስድስት ዓመት ሆኗል። ድጓውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ማስተማሩን አልተዉም፤ የገዛ ልጃቸውን ፊት ግን በእጃቸው ዳብሰው ነው የሚለዩት። «እዚያ አዳራሽ ቁጭ ብዬ ጭብጨባ ልስማ ነው የምትለኝ?» አሉት። «አይ፣ ያዩኛል እንጂ» አለ እንዳለው። አንድ የዓይን ሐኪም ፍኖተ ሰላም እንደሚመጣ ሰምቶ ኖሯል። ለሽልማቱ ባይደርሱም፣ እሱ ሜዳሊያውን ይዞ ሲመለስ ዓይናቸው ያየዋል።

ጥቅምት ስምንት ቀን የመሪጌታ ሞራ ተገፈፈ። ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይን አስሮ ትእዛዙን ለካሰች ሰጠ። አርባ ቀን ፋሻው አይፈታም፤ ቁስል አሳሪው ድሬሰር በየሦስት ቀኑ ጨለማ ክፍል ውስጥ ይለውጠዋል፣ ያን ጊዜም ዓይን አይገለጥም። ማጎንበስ የለም፣ ማሳል የለም። «ከሁሉ በላይ እንዳያለቅሱ። ካለቀሱ ዓይኑ ይፈሳል» አላት። ኅዳር አሥራ ስምንት እሱ ራሱ ተመልሶ ይፈታዋል። ካሰች ትእዛዙን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ያዘችው። ሐኪም ቤቱ አጠገብ ዘመዳቸው ወይዘሮ ሀብትነሽ ቤት አንድ ክፍል ተሰጥቷቸው እዚያ ተቀመጡ።

እንዳለው ወደ ብር ሸለቆ ልውረድ አለ። ካሰች ተቆጣችው። «ሽልማቱን አገኘህ አይደል? ምን ቀረህ?»

«ሁለት ዓመት አጋጣሚ ሊሆን ይችላል እትየ። ሦስተኛ ዓመት ሳልቆጥር ያን ሜዳሊያ አንገቴ ላይ ባደርገው ያፍነኛል።»

«ጥቅምት እኮ ነው። የወባው ንዳድ የሚነሣው አሁን ነው።»

«አሥር ቀን ነው» አለና ጉንጯን ስሟት ወረደ።

የሰው ልጅ ክብሩን ሌላው ከሰጠው በኋላ ለራሱ ካላስመሰከረ የማይረጋበት ጊዜ አለ። እኔ ይህን ጠባይ አልወደውም። ተሸላሚ ተብሎ ቁጭ ቢል ማን ይጠይቀው ነበር?

ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን ማለዳ ከቡሬ ሰው መጣ። ካሰችን ወደ አጥሩ ጥግ ጠርቶ «እንዳለው አሞታል፣ ቶሎ ድረሽ» አላት። የአገሯን ነገር ታውቃለችና «አሞታል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ገባት። ለአባቷ ላሟ ወለደች ብላ ለወይዘሮ ሀብትነሽ አደራ ሰጥታ አውቶቡስ ያዘች። ስትደርስ አክስቷ አስካለ ማርያም ደረቷን እየደቃች ተቀበለቻት። ልጁ ንዳድ ይዞት፣ በበቅሎ አፋፍ አፋፉን ወጥቶ፣ ያደገባት ቤት ደርሶ በሁለተኛው ቀን ሞቷል። ኪሱ ውስጥ የተገኘችውን የመቁጠሪያ ደብተር ለካሰች ሰጧት። ያን ዕለት ቀበሩት።

ከቀብር መልስ ሽማግሎች ተሰበሰቡ። ቄስ ገብረሰንበት የመሪጌታ የንስሐ አባትም ጓደኛም ስለነበሩ ነገሩን እሳቸው ያዙት። መርዶ በዚያ አገር እንዲሁ አይነገርም፤ ቀን ተመርጦ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሰው ከብቦት ነው። «ሐኪሙ እንባ ከነካው ይፈሳል ብሏል። ኅዳር አሥራ ስምንት ፋሻው ይፈታ፤ በሳምንቱ ጧት ሄደን እንነግራቸዋለን። እስከዚያ ከዚህ ወጥቶ ፍኖተ ሰላም አንዲት ቃል የሚያደርስ ሰው ውጉዝ ይሁን» አሉ። ሁሉም እሺ አለ።

ከዚያ አስካለ ማርያም ምላጭ ይዛ መጣች። እህት ለወንድሟ ፀጉሯን ትላጫለች፤ ቀሚሷን ጥቁር ትነክራለች። አንዲት ጎረቤት «አባቷ ዘንድ ተመላሽ ናት፣ ይቅርባት» ብትል አስካለ ማርያም «ዓይናቸው ታስሮ ምን ይታያቸዋል?» አለቻት። ካሰችም እንቢ አላለችም። ማልቀስ የማትችልበት ቤት ልትመለስ ነው፤ ሐዘኗን ቢያንስ በራሷ ላይ ይዛው ልትሄድ ፈለገች። ወንድሟ ሰው እንደሌለው ሊቀር ነው ብላ አንጀቷ አልቻለም። ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ሰጠቻት። በሦስተኛው ቀን ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ፍኖተ ሰላም ገባች።

«ላሟ ምን ወለደች?» አሏት መሪጌታ ገና ድምፅዋን ሲሰሙ።

«ወይፈን አባየ።»

«እሰይ። እንዳለው አልላከም?»

እዚህ ላይ ካሰች ምን ማድረግ ነበረባት? አልላከም ብትል ይጨነቃሉ፣ ሰው ላኩ ይላሉ። ደብተሯን አወጣች። «ልኳል» አለች። አባቷ ደቀ መዛሙርቱን ሲያስተምሩ ከጓሮ እየሰማች ፊደል ቆጥራለች፤ ቀስ እያለች ታነባለች። ነገር ግን ዓይኗ የወንድሟ እጅ ጽሕፈት ላይ አላርፍ አላት። ገጹን ገልጣ፣ ግድግዳውን እያየች፣ ከራሷ አነበበች። «ይድረስ ለክቡር አባቴ። እኔ ደህና ነኝ። ቆጠራው ገና ነው። ዓይንዎን ይጠብቁ። እንዳይነሡ፣ እንዳያሳልዎት።»

መሪጌታ ሳቁ። «ልጁ የአንች አነጋገር ተጋብቶበታል። ቁጣው ራሱ ያንች ነው።» ከዚያ ወረቀቱን ስጭኝ ሲሉ ደብተሯን አልለቀቀችም፤ የተገለጠውን ገጽ ብቻ በጣታቸው ዳሰሱት፤ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። የገዛ ልጃቸው ወረቀት ነው፣ ምን ይጠረጥራሉ? ካሰች ግን በር ላይ ወጥታ ሻሿን አፏ ውስጥ ከተተች።

እንዲህ እየሆነ ሦስት ሳምንት አለፈ። በየአራት ቀኑ «ደብዳቤ» ይመጣል። አንድ ጊዜ «እትየን ደህና አድርገው ይያዙልኝ» የሚል አስገባችበት። መሪጌታ «ዛሬ ገና አስታወሰሽ» ብለው ቀለዱባት። ሌላ ጊዜ ስለ ሽልማቱ አስወራችው፤ ስለ አዳራሹ፣ ስለ አዲስ ልብሱ። ኑጉን መጀመሪያ ያየችው ካሰች ናት የሚለውን ግን አፏ ሊያወጣው አልደፈረም። ማኅበሩ በላከው ደብዳቤ ላይ ስሟ አልነበረም። እሷም የሞተ ወንድሟን ምስክር አድርጋ ራሷን ልታስመሰግን አልፈለገችም። ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ ቀድማ እየጠበቀች አፋቸውን ታስይዝ ነበር። የቡሬ ሰው ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። መሪጌታ «ዓይኔ ቢታሰር ሰዉ ሁሉ ጨዋ ሆነ» ይሉ ነበር።

እኔ ሽማግሎቹን እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም። ለአንድ ሰው ዓይን ብለው የአንዲትን ሴት ልብ በቁሙ ሲቀብሩ፣ አንዳቸውም «አንችስ እንዴት ነሽ?» አላሏትም።

ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ አንድ ላንድሮቨር ወይዘሮ ሀብትነሽ ደጅ ቆመ። ከውስጡ የፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት ዲሬክተር አቶ ሃይለ ሚካኤልና አንድ ጥቁር ክራቫት ያሰረ ወጣት ወረዱ። ወጣቱ ዓለምብርሃን ይባላል፤ ኮሌጁ ውስጥ ከእንዳለው ጋር አንድ ክፍል ይኖር የነበረ አስተማሪ ነው። ሜዳሊያውን ለአባትየው ሊያስረክብ መጥቷል። ካሰች ሮጣ በሩ ላይ ያዘቻቸው።

«እባክዎ ጌታየ፣ አያውቁም። አልተረዱም። አምስት ቀን ብቻ ነው የቀራቸው።»

ዓለምብርሃን የተላጨ ራሷን ከሻሹ ጠርዝ አየና እንባው ግጥም አለ። «እኛ እኮ ተረድተዋል ብለን ነው» አለ። ከዚያ ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ፤ ማን ሊያይበት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ገቡ። አቶ ሃይለ ሚካኤል የምስክር ወረቀቱን አነበቡ። ስለ አቀንጭራ፣ ስለ ኑግ፣ ለገበሬው ስላስገኘው ጥቅም፣ ስለ ወጣቱ ተመራማሪ ትጋት ይላል። መሪጌታ አልጋው ላይ ተደግፈው፣ እንደ ቅዳሴ ሰሚ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዳመጡ።

«እሱስ ለምን አልመጣም?» አሉ።

ዓለምብርሃን ካሰችን አየት አደረጋት። «ቆጠራ ላይ ነው አባቴ።»

«ሽልማቱን በእጁ አልተቀበለም?»

«አልተቀበለም። ግን ስሙ ሲጠራ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ሁሉም ዝም ብሎ ቆመ።»

«ለእሱ?»

«ለእሱ ብቻ። ለሌሎቹ ተጨበጨበ። ለእሱ ግን ቆሙ።»

መሪጌታ ደስታው ፊታቸውን አበራው። «ቆሙ አልክ? ዳኛ፣ ሐኪም፣ ያ ሁሉ ምሁር ለወልደ ሥላሴ ልጅ ቆመ?» አሉና እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ። «ተባረክ። ስታገኘው ቆጠራውን ሳይጨርስ እንዳይመጣ በለው። እኔ እጠብቀዋለሁ።» ዓለምብርሃን አሜን አለ። ሲወጣ የበሩን መቃን ይዞ ነው የወጣው፤ ካሰች እስከ መኪናው ሸኘችው።

ተመልሳ ስትገባ አባቷ ሜዳሊያውን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ነበር። «ፊደል ተቀርጾበታል። ስሙ ነው?»

«ስሙ ነው አባየ።»

«እስቲ ልየው።»

«አይሆንም። አምስት ቀን ነው የቀረዎት።»

«ስሙን ብቻ ካሰች። የልጄን ስም ብቻ አይቼ መልሼ አስረዋለሁ።»

ሮጣ ደረሰች፤ ነገር ግን ፋሻውን ወደ ግንባራቸው ገፍተውት ነበር። ከመስኮቷ የሚገባው ብርሃን ዓይናቸውን አጭበረበረው። ጨፈኑት፣ ገለጡት። ሜዳሊያውን አስጠጉት፣ አራቁት። «እን…ዳ…ለው» አሉ፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ። «እንዳለው ወልደ ሥላሴ። ካሰች፣ ይታየኛል። ይታየኛል ልጄ» አሉና እየሳቁ ቀና ብለው አዩዋት።

ሳቁ ከፊታቸው ላይ ወዲያው አልጠፋም። መጀመሪያ ስድስት ዓመት ያላዩዋትን ልጃቸውን አርጅታ እንዳገኟት ሰው ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ሻሹ ሄደ፤ በሩጫው ወደ ኋላ ተንሸራቶ የተላጨው ራሷ ወጥቷል። ከዚያ ወደ ቀሚሷ ወረደ። ካሰች እጇን ራሷ ላይ ጭና ልትሸፍነው ሞከረች። ሦስት ሳምንት በር ጠብቃ፣ ደብዳቤ ፈጥራ፣ የሰው ሁሉ አፍ ይዛ፣ መርዶውን ያረዳቸው የገዛ ራሷ ሆነ።

«መቼ?» አሉ መሪጌታ።

«ጥቅምት ሃያ።»

«ላሟስ?»

«አልወለደችም።»

«ደብዳቤዎቹ?»

ካሰች አልጋው አጠገብ ተንበርክካ «አባየ እንዳያለቅሱ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ዓይንዎ ይፈሳል» አለች። እሳቸውም አላለቀሱም። ፋሻውን ወደ ታች ሊመልሱት ሞክረው አልሆን ሲላቸው «እሰሪልኝ» አሏት። አሰረችላቸው። ሜዳሊያውን ከጭናቸው አንስተው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«እስቲ ያን ደብዳቤ አንብቢልኝ።»

«አባየ፣ እኔ እኮ ነኝ ያልኩት። የእሱ ቃል አይደለም።»

«ወረቀቱ ግን የእሱ ነው። በእጄ ዳስሼዋለሁ። እሱ የጻፈውን አንብቢው።»

ካሰች ደብተሯን ገለጠች። ግድግዳውን ብታይ የሚመጣላት ቃል አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን በወንድሟ ጽሕፈት ላይ አሳረፈችና ፊደል በፊደል እየለቀመች አነበበች።

«ጥቅምት አሥራ አምስት። ኑግ በነበረበት መደብ፣ አቀንጭራ አራት። ኑግ ባልነበረበት፣ ስልሳ አንድ።»

«እሺ» አሉ አባቷ።

«ጥቅምት አሥራ ስድስት። ኑግ በነበረበት፣ ሁለት። ባልነበረበት፣ ሰባ። ራሴን ያመኛል።»

«እሺ።»

«ጥቅምት አሥራ ሰባት። እጄ ይንቀጠቀጣል። ቆጠራው አለቀ። ሦስተኛውም ዓመት ያው ነው።» ከታች ሌላ መስመር ነበር፤ ፊደሉ ተጣምሟል። ሁለት ጊዜ ጀምራ አቋረጠችው። «እትየ ካሰች ልክ ነበረች። አዳራሹ ውስጥ ስሟን እናገራለሁ።»

መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው የተላጨ ራሷን አገኙትና በመዳፋቸው ሸፈኑት። «ድገሚው» አሏት። ደገመችው። «ድገሚው» አሏት እንደገና። ሦስተኛ ስታነብላቸው ፋሻው ርሶ ወደ ጉንጫቸው ይወርድ ነበር፤ ካሰችም ከዚያ ወዲያ አያልቅሱ አላለቻቸውም።